ቅርንጫፍ ትንሽ ግንድ አይደለም፦ ለሞዴል ባቡር ግንዲላ አሠራር

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ግንዲላዎች አሉ። ሁለቱም 56 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ፤ ሁለቱም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራሉ፤ ሁለቱም እንጨት ናቸው። አንደኛው ከአጥር ጥግ ተለቅሞ በመቀስ የተቆረጠ ጭራሮ ነው። ሌላኛው ተመርጦ፣ ደርቆ፣ በመጋዝ ተቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉ ተሠርቶለት የመጣ ነው። በእጃችሁ ስትይዟቸው ልዩነታቸው ጎልቶ አይታይም። ፉርጎ ላይ ጭናችሁ 20 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የሰው ምስል አጠገባቸው ስታቆሙ ግን አንደኛው ያው ጭራሮ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ይሆናል።

ምክንያቱ ቅርንጫፍ ትንሽ ግንድ አለመሆኑ ነው። 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጭራሮ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ዓመት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው፤ ቆዳው የልጅ ቆዳ ነው። ቅጠል የረገፈበት ጠባሳ፣ እንቡጥ የቋጠረበት አንጓ፣ ተክሉ የሚተነፍስባቸው ነጠብጣቦች አሉበት። አሮጌ ግንድ ላይ እነዚህን አታገኟቸውም። በልኬት ስናሰላቸው ደግሞ ያስደነግጣሉ፤ በ1 ለ 87 ልኬት 2 ሚሊ ሜትር የምታህል አንጓ ማለት 17 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እብጠት ማለት ናት። «እውነተኛ እንጨት ስለሆነ እውነተኛ ይመስላል» የሚለው እምነት ብዙ ጥሩ ሞዴል ያበላሸው በዚህ ነው። እንጨቱ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን አይደለም።

የምናገረው በኤች ኦ ልኬት ነው። በእውኑ ዓለም 87 ሚሊ ሜትር የሆነው በሞዴሉ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 1 ሜትር ደግሞ 11.5 ሚሊ ሜትር። መደበኛው የ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በሞዴሉ 16.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው በዚሁ ስሌት ነው። በኤን የምትሠሩ በ160፣ በአሜሪካው ኦ የምትሠሩ በ48 እያካፈላችሁ ተከተሉኝ። ልኬቱ ባነሰ ቁጥር የምሰጣችሁን ዝርዝር ቀንሱ እንጂ አታሳንሱ፤ በ1 ለ 160 የጉጥና የስንጥቅ ነገር ከናካቴው ቢቀር ይሻላል።

አሁን ወደ ዛፉ። ዝም ብሎ «ግንዲላ» የሚባል ነገር የለም። የምን ዛፍ፣ የየት አገር፣ የየትኛው ዘመን ብለን ካልጀመርን ርዝመቱንም ውፍረቱንም ቀለሙንም በግምት ነው የምንሠራው። ለዛሬ የያዝሁት ካስን ነው። ካስ በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፖካሆንታስ ካውንቲ፣ በግሪንብራየር ወንዝ ዳር ያለች የእንጨት ሠራተኞች ከተማ ናት። አንድ የወረቀት ኩባንያ ከተራራው ላይ ቀይ ስፕሩስ የተባለውን ዛፍ ለማውረድ እ.ኤ.አ. በ1901 ሐዲድ መዘርጋት ጀመረ፤ የጣውላ ፋብሪካው በ1902 ሥራ ጀመረ፤ በ1960 ተዘጋ። ከ1963 ጀምሮ ያው ሐዲድ ጎብኚ ያመላልሳል። እስከ 11 በመቶ በሚደርሰው አቀበት ላይ ዛሬም የሚወጡት ሼይ የሚባሉት ሎኮሞቲቮች ናቸው። ስማቸው የሚሺገኑ እንጨት ነጋዴ የኤፍሬም ሼይ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1881 ነው። ኃይሉ በአንድ ጎን በተዘረጋ ዘንግና በጥርሶች አማካይነት ለሁሉም ጎማ ስለሚደርስ ጠመዝማዛና ያልተደላደለ ሐዲድ ላይ አይንሸራተቱም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ ካስ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሄዳችሁ ባቡሩን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ከፍታው ላይ የቆሙትን ስፕሩሶች ከአንድ ክንድ ርቀት ፎቶ አንሱ፤ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ልኩ እንዲህ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ በዚያ ዘመን ግንዲላ የሚቆረጠው በብዛት 12፣ 14 እና 16 ጫማ እየሆነ ነበር። 16 ጫማ 4.88 ሜትር ነው፤ በሞዴላችን 56 ሚሊ ሜትር። ቆራጮቹ ጫፉ ቢሰነጠቅ የሚከረከም ትርፍ ስለሚተዉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር የረዘመ ቢኖር ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ሁሉም በአንድ መስመር ተከርክመው ሲታዩ ክብሪት ይመስላሉ። በውፍረት በኩል 30 ሳንቲ ሜትር የነበረው 3.4 ሚሊ ሜትር፣ 45 የነበረው 5.2፣ 60 የነበረው 6.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ በላይ የወፈረ ጭራሮ ስፕሩስ ነው ብላችሁ አትጫኑ።

ሌላው ግንዲላ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ መሆኑ ነው። ለስሌት የሚያዘው ልማድ በ4 ጫማ ግማሽ ኢንች ነው፤ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በ56 ሚሊ ሜትር ግንዲላ ላይ የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ከ0.5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም የሚል ካለ፣ በመኪና የተላገ ድቡልቡል እንጨት 18 ቁራጭ ደርድሮ ይመልከት፤ የቧንቧ ክምር ነው የሚሆንበት። ስለዚህ ጭራሮ ስትመርጡ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሁለቱንም ጫፍ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.4 እስከ 0.8 ከሆነ ያዙት።

የትኛው ተክል ይሻላል? መጀመሪያ ቆርጣችሁ መሐሉን እዩ። ብዙ ቁጥቋጦ መሐል ለመሐል ስፖንጅ የመሰለ መቅኔ አለው። መቅኔው ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ከበለጠ ጣሉት፤ ምንም ቢቀባ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ አንጓዎቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ ከተራራቁ በመካከላቸው አንድ ንጹሕ ግንዲላ ይወጣል። ሦስተኛ ቅርፊቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሸካራውን ጭራሮ እየመረጠ ነው። የቀይ ስፕሩስ ቅርፊት ስስ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ በሞዴላችን 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለስላሳ የሚመስለው ጭራሮ ነው እንግዲህ ለእውነቱ የሚቀርበው።

አገር ቤት ለምትሠሩ ባሕር ዛፍ በእጅ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትያዙት። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቀንበጥ አራት ማዕዘን ነው፤ ግንዲላ ደግሞ ክብ ነው። የሐበሻ ጥድም ሆነ የፈረንጅ ጥድ የደረቀ ጭራሮ ግን ወርቅ ነው፤ ቅርፊቱ በቁመቱ የሚሄድ ቀጭን ጭረት አለው፤ የአሜሪካን ምዕራብ ቀይ ሴዳር ለሚሠራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ዛፎቹም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ለስፕሩስ ከሆነ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበስ ማድረግ ይበቃል። የወይራ ጭራሮ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጫፉ ሲቆረጥ አይቦጫጨቅም። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሥር ነው። የሞተ ቁጥቋጦ ሥር አንጓ የለውም፤ በአብዛኛው መቅኔም የለውም። ይጣመማል እንጂ፣ ከአንድ ክንድ ሥር ውስጥ ሦስት አራት ቀጥ ያለ ቁራጭ ይገኛል።

እርጥብ የምትቆርጡ ከሆነ ወቅቱን ጠብቁ። ተክሉ በሚያድግበት ጊዜ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለው ሽፋን ለስላሳና ውኃ የሞላው ስለሆነ ቅርፊቱ እንደ ልጥ ይላጣል። አሜሪካ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ እኛ ዘንድ በክረምቱ ዝናብና ወዲያው ተከትሎ ባለው ጊዜ አትቁረጡ። በጥርና በየካቲት የተቆረጠ ቅርፊቱን አጥብቆ ይይዛል።

ከዚያ ማድረቅ። ከምትፈልጉት ርዝመት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ ቁረጡና አሥር አሥሩን ቀጥ ካለ ብረት ጋር በክር እሰሩ፤ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ። ርዝመቱ የሚያስፈልገው እንጨት እርጥበቱን ቶሎ የሚያጣው በጫፎቹ በኩል ስለሆነ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ቆርጣችሁ ትጥሉትና መሐሉ ይተርፋችኋል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ላይ ለማፋጠን የተሞከረ እርጥብ ጭራሮ ቅርፊቱ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል።

ሲደርቅ ነቀዙን መግደል አለባችሁ። ይህን የዘለለ ሰው ከወራት በኋላ በሠራው ተራራ ላይ ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎችና የዱቄት ክምር ያገኛል። ለንግድ የሚጓጓዝ የእንጨት ማሸጊያ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ለቀጭን ጭራሮ ምድጃውን 75 ዲግሪ ላይ አድርጎ አንድ ሰዓት መተው በቂ ነው። ማይክሮዌቭ አትጠቀሙ፤ የደረቀ እንጨት ከውስጥ ተለብልቦ እሳት ሊነሳ ይችላል።

አቆራረጡ ላይ አጭር ልሁን። መቀስና መቁረጫ ፒንሳ ጫፉን ይጨፈልቁታል፤ ከሁለት በኩል የተላጠ እርሳስ የመሰለ ጫፍ ይወጣል። የሚያስፈልገው በኢንች 40 ገደማ ጥርስ ያለው ስስ መጋዝና ቀጥ አድርጎ የሚመራ ሳጥን ነው። የሚቆረጠውን ቦታ በወረቀት ፕላስተር አንድ ዙር ጠቅልሉና ከነፕላስተሩ ቁረጡት፤ ቅርፊቱ አይፈነጠርም። ፕላስተሩን ስትልጡ ከመሐል ወደ ጫፍ ሳይሆን ዙሪያውን ላጡት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፤ ጫፉ። የተጫነ ፉርጎ ከፊትና ከኋላ ሲታይ ከጫፍ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ከጎን ሲታይም ቢሆን ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነጩ ክብ ነው። ለአንድ ግንዲላ አሥር ደቂቃ ካላችሁ ሰባቱን ለጫፉ ስጡት።

ተቆርጦ ያለቀው ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የተከፈቱ ቧንቧዎች ስብስብ ነው። ቀለም ስትነኩት እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል፤ ክሬም ያደረጋችሁት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠቁሮ ሻይ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ ድፈኑት። አንድ እጅ ነጭ የእንጨት ኮላ በሦስት እጅ ውኃ በጥብጣችሁ በቡርሽ አንድ ጊዜ ቀቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙ። ሲደርቅ መስታወት ላይ በተለጠፈ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ግንዲላውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ እያዞራችሁ አምስት ስድስት ጊዜ እሹት። ወደፊትና ወደኋላ ብቻ የታሸ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ቀጥሎ የቅርፊቱ ውፍረት። ይህን በቅርብ እንየው፤ አንዱን ቁራጭ ወደ ፊተኛው ረድፍ አሳልፋለሁ፣ በመነጽሩ እዩት። የዚህ ጭራሮ ቅርፊት 0.4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በ87 ሲባዛ 3.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስፕሩስ ግን ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። መፍትሔው ቅርፊቱን መላጥ አይደለም። ክሬሙን ቀለም ከእንጨቱ አልፋችሁ የቅርፊቱን ጫፍ አብዛኛውን ሸፍኑበትና በስተውጭ የፀጉር ያህል ጥቁር ጠርዝ ብቻ ተዉ። በመነጽሩ ስታዩ ከግራ ያለው ግማሽ እንደ ተፈጥሮው የተተወ ነው፣ ከቀኝ ያለው ተሸፍኗል። ግራው ጭራሮ ነው፤ ቀኙ ግንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ቀለም ብቻ ነው።

የቀለሙ ነገር እንደ ዛፉ ይለያያል። ቀይ ስፕሩስ ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ ውስጡ ነጣ ያለ ነው፤ ልቡና ውጪው እምብዛም አይለያይም። በነጭ አክሪሊክ ላይ ትንሽ ክሬም፣ ከዚያም የኦከር (የቢጫ አፈር ቀለም) ጠብታ ይበቃዋል። ዳግላስ ፈር ግን ልቡ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀላ ያለ ሆኖ ዙሪያው ጠባብ ነጭ ቀለበት አለው። ቀይ ሴዳር ደግሞ ልቡ ቀይ ቡናማ ነው። የማያብረቀርቅ ቀለም ብቻ ተጠቀሙ።

የዓመት ቀለበቶችስ? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከ7 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ግንዲላ ላይ ቀለበት መሳል አያስፈልግም። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የነበረው የስፕሩስ ቀለበት በሞዴሉ 0.01 ወይም 0.02 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዓይን አያየውም። በእርሳስ የተሳሉ ስድስት ቀለበቶች የዒላማ ሰሌዳ ነው የሚሆኑት። ካስፈለገ ከመሐል ትንሽ ራቅ ባለ ነጥብ ዙሪያ ሁለት የማይታዩ ያህል ደብዛዛ መስመሮች ጣል አድርጉ፤ የዛፍ እምብርት ልክ መሐል ላይ የሚያርፈው ከስንት አንዴ ነው። ከቀለበቱ ይልቅ ስንጥቁ ነው የሚያሳምነው። በምላጭ ጫፍ ከእምብርቱ ወደ ውጭ አንድ ወይም ሁለት ጭረት አድርጉ፤ ዳር ላይ ሰፋ፣ መሐል ላይ ጠበብ ይበል። ከዚያ አንድ ጠብታ ጥቁር ቡናማ በ20 ጠብታ ውኃ በጥብጣችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አልብሱት። ውኃው ስንጥቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀረውን በጨርቅ ጠረግ አድርጉ።

ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት የሥር ግንዲላ መሆን አለባቸው። ከአንድ ዛፍ ከጉቶው በላይ ያለው አንዱ የሥር ግንዲላ ነው፤ ከሱ በላይ ያሉት ሁለቱም ጫፋቸው በመጋዝ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። የሥር ግንዲላው ግን በመጥረቢያና በመጋዝ የተጣለበትን ምልክት ይዞ ነው የሚመጣው። ዛፉ በሚወድቅበት በኩል መጥረቢያ ያዘነበለ ቁስል ይተዋል፤ ከተቃራኒው መጋዙ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ በሁለቱ መካከል ሳይቆረጥ የተገነጠለ ጭረት ይቀራል። ይህን ለመሥራት ወፍራሙን ጫፍ አንድ ሦስተኛውን በምላጭ በ45 ዲግሪ ገደማ አዘንብላችሁ ላጡት፤ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፤ የምላጩ ጠፍጣፋ ምልክቶች ናቸው የመጥረቢያ ምቶች የሚሆኑት። 18 ግንዲላ ባለው በአንድ ክምር ውስጥ አራት ወይም አምስት ይበቃሉ። ሁሉንም እንደዚያ ካደረጋችሁ ከእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ግንዲላ ብቻ የወሰደ ኩባንያ ሠራችሁ ማለት ነው።

ቅርፊቱ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ግራጫ የበዛበት ቡናማ፣ ትንሽ ቀላ ያለ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ሲደርቅ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ደረቅ ሊሆን በተቃረበ ቡርሽ ፈዛዛ ግራጫ በላዩ ላይ ነካ ነካ አድርጉ፤ አትጎትቱ። ስፕሩስ ቅርፊቱ እንደ ቅርፍት ተነስቶ የሚወድቅ ክብ ክብ ነገር ነው፤ በቁመቱ የተጎተተ ቀለም ጥድ ያደርገዋል። ጉጥ ካስፈለገ የመርፌ ጫፍ በክሬም ነክራችሁ በአንድ ዙሪያ ሦስት ነጥብ ጣል አድርጉ፤ የስፕሩስ ቅርንጫፎች ብዙዎቹ ግንዱን ከብበው በአንድ ከፍታ ላይ ነው የሚወጡት፤ ያለ ሥርዓት የተበተነ ነጥብ ፈንጣጣ ይመስላል።

ግንዲላ ከቆመበት ወደ ሐዲዱ የመጣው እየተጎተተ መሆኑንም አትርሱ። በአንድ ጎኑ በቁመቱ ቅርፊቱ ተገፎ እንጨቱ ይታያል፤ እዚያው ላይ ጭቃ አለ። ከፊት በኩል ያለው ጠርዝ በድንጋይና በሥር እንዳይያዝ በመጥረቢያ ይላግ ነበር፤ በሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሪያውን መዳበስ ነው። ሄምሎክ የተባለውን ዛፍ የምትሠሩ ከሆነ ጨርሶ ቅርፊት የሌለው ግንዲላ መጫን ትችላላችሁ። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያ የሚፈልጉት ቅርፊቱን ነበር፤ ዛፉ በሚያድግበት ወቅት ውኃው ሲወጣ ይላጥና ግንዲላው ራቁቱን ይመጣል። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ጭነት የለም።

ስለ ምዕራቡ ልናገር። በዋሽንግተን ግዛትና በኦሪገን በዚያ ዘመን ዳግላስ ፈር አንድ ሜትር ተኩል የሚወፍር፣ 32 ወይም 40 ጫማ ሆኖ የሚቆረጥ ነበር። ይህ በኤች ኦ 17 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 112 ወይም 140 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። እዚህ ላይ ነው ጭራሮ የማይሠራው፤ የአሮጌ ዳግላስ ፈር ቅርፊት 15 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚወፍር በሞዴሉ 1.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በጥልቅ የተቦረቦረም ነው። ስለዚህ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ድቡልቡል እንጨት እንይዛለን። ድሪል ላይ አስረን በዝግታ እያሽከረከርን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንዱን ጫፍ 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር እናቀጥነዋለን። ከዚያ በሞርሳ አስረን የሴጌቶ ምላጭ በቁመቱ እየጎተትን እንቦረቡራለን፤ ጥልቀቱ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር። ምላጩን ቀጥ አድርጋችሁ ብቻ አትጎትቱ፤ እጃችሁን ትንሽ እያወዛወዛችሁ መስመሮቹ እየተገናኙና እየተለያዩ እንዲሄዱ አድርጉ። በመጨረሻ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፤ ጭረቱ ውስጥ የቀረ ሰጋቱራ ቀለም ሲነካው ፀጉር ሆኖ ይቆማል። ጫፉ ላይ ከስፕሩሱ ተቃራኒውን ነው የምትሠሩት፦ ቅርፊቱን 1.5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጥቁር ቡናማ ቀለበት አድርጋችሁ አጉልታችሁ ቀቡት። ቀለበት መሳልም እዚህ ያስኬዳል። ለሥጋ ጥብስ የሚሸጠውን የቀርከሃ ስቲክ ግን አትንኩት፤ ቀርከሃ የዓመት ቀለበት የለውም፤ ጫፉ ላይ የሚታየው የጥቁር ነጠብጣብ ክምችት ነው።

በጄሶና በሬዚን (ፈሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ) በቅርጽ አትሞ ማውጣትም አለ። ብዙ ለሚያስፈልገው ይሠራል፤ ችግሩ አንዱ ጉጥ በ36 ግንዲላ ላይ መደጋገሙ ነው። ቢያንስ ከስድስት የተለያዩ ዋና ቅርጾች አትሙ፤ የመጋጠሚያውን መስመር ሞርዱ፤ ሲደረደሩም እያዞራችሁ አስቀምጡ። ጄሶ ጠርዙ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ የላይኛውን ረድፍ ሁልጊዜ ከእንጨት ብታደርጉት እመክራለሁ።

አሁን እንጫን። 40 ጫማ የሆነው ጠፍጣፋ ፉርጎ 140 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ 9 ጫማ ወርዱ 31.5 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 56 ሚሊ ሜትር ግንዲላ ሁለት ክምር ፊትና ኋላ ይይዛል። ለአንዱ ክምር ከታች 6፣ ከዚያ 5፣ 4፣ 3 እያልን 18 ግንዲላ፤ ለፉርጎው 36። ከ18ቱ ሦስቱ ወደ 7 ሚሊ ሜትር የተጠጉ፣ ዘጠኙ 5 አካባቢ፣ ስድስቱ ቀጫጭን ይሁኑ። ወፍራምና ቀጭን ጫፋቸውን እያፈራረቃችሁ ደርድሩ፤ ሁሉም በአንድ በኩል ከወፈሩ ክምሩ ያዘነብላል፤ እውነተኞቹ ጫኞችም ይህን ያውቁ ነበር።

በውፍረት ቢለያዩም በቀለም መመሳሰል አለባቸው። ብዙ ጎበዝ ሠሪ እንኳ ክሬም የሆነውንና ግራጫ የሆነውን ጫፍ ቀላቅሎ «ልዩነት እንዲኖር» ብሎ ይጭናል። ይህ ስሕተት ነው። አንድ ፉርጎ የሚሞላው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሳምንት ከተቆረጠ ዛፍ ነው። ጫፉ ትኩስ ሲሆን ክሬም ነው፤ ሳምንታት ሲቆይ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ዓመት ከዋለ ግራጫ ይሆናል። ግራጫውን ለተረሳ ክምር፣ ለድልድይ ድጋፍ፣ ከሐዲዱ ዳር ለወደቀው አስቀምጡት።

ክምሩን ፉርጎው ላይ አታጣብቁት። ፉርጎውን በስስ ላስቲክ ጠቅልላችሁ በላዩ ላይ ደርድሩ፤ እርስ በርሳቸው በሚነካኩበት ቦታ ብቻ፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ፣ ነጭ ኮላ ጠብ አድርጉ። አንዱ ረድፍ ሳይደርቅ ሌላውን አትጫኑ፤ ይንሸራተታል። በማግሥቱ ላስቲኩን ስታወጡ ክምሩ በሙሉ ይነሳል። ባዶ ፉርጎ ወደ ተራራ፣ ሙሉ ፉርጎ ወደ ፋብሪካ ማስኬድ የምትችሉት እንደዚህ ሲሆን ብቻ ነው።

ክብደቱን አስሉ። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው 28 ግራም መነሻ አድርጎ በእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 14 ግራም መጨመር ነው። ለ140 ሚሊ ሜትር ፉርጎ 105 ግራም ገደማ ይመጣል። 36ቱ ግንዲላ አንድ ላይ 26 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ፉርጎው ባዶውን 60 ግራም ከሆነ 20 ግራም ገደማ ይጎድላል፤ ቀላል ፉርጎ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ከታችኛው ረድፍ የውስጥ ሦስቱን ግንዲላ በሁለቱም ክምር አውጡ። 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሚስማር ራሱንና ሹሉን በሴጌቶ ቆርጣችሁ 40 ሚሊ ሜትር አስቀሩና በየጫፉ 8 ሚሊ ሜትር የግንዲላ ቁራጭ በሱፐር ግሉ ለጥፉበት። አንዱ ሚስማር ወደ 4 ግራም ነው፤ ስድስቱ ከወጣው እንጨት ተቀንሶ የጎደላችሁን 20 ግራም ይሞላሉ። ክብደቱ ታች መሆኑ ዋና ነገር ነው። እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ከላይኛው ረድፍ የቀበረ ሰው በየመታጠፊያው ፉርጎ ይገለብጣል።

በጎን ለሚቆሙት ካስማዎች አራት ማዕዘን ስንጥር እንጂ ግማሽ ክብሪት አትጠቀሙ፤ 1.1 ሚሊ ሜትር ማለት 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከዚያ የወፈረው ምሰሶ ይሆናል። ሰንሰለቱ በኢንች 40 ቀለበት ያለው ይሁን፤ አዲስ ከሆነ ያብረቀርቃልና ቡናማ ቀለም አልብሱት። ሰንሰለቱን ወጥራችሁ ከማሰራችሁ በፊት በግንዲላው ላይ የሚያርፍበትን መስመር በምላጭ ጫን አድርጉ፤ የከበደ ነገር የታሰረበት ሰንሰለት ቅርፊት ውስጥ ይሰጥማል፤ በላዩ ላይ የሚንሳፈፍ ሰንሰለት ጭነቱን ባዶ ያስመስለዋል።

ሁሉም ሲያልቅ ስልካችሁን ሐዲዱ ላይ አስተኝታችሁ፣ ካሜራው በዚያ የ20 ሚሊ ሜትር ሰው ዓይን ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታ አንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አሳድጋችሁ የሰውየውን እጅ ፈልጉ። ጣቱ በዚህ ልኬት 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቅርፊቱ ጫፉ ላይ ከዚያ ጣት ወፍሮ የሚታይበትን ስፕሩስ አውጡና ወይ ጠርዙን በክሬም መልሳችሁ ሸፍኑት፣ ወይ በሚቀጥለው ጭነት ከታችኛው ረድፍ መሐል አስገቡት።